ለኢድ ትሪ ከቤታችን ምድጃ፦ ባለ ሦስት ድርብ የቴምርና የክሬም ቺዝ ኬክ



የረመዳን ገበታችን ከዓመት ዓመት የሚታወቅበት መልክ አለው። ቴምሩ ይቀድማል፣ ውኃው ይከተላል፤ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሾርባውና ሳምቡሳው ይቀርባል። ወሩ ወደ መጨረሻዎቹ 10 ቀናት ሲገባ ግን የቤቱ ወሬ ይለወጣል። ልጆች ስለ ልብስና ጫማ፣ እናቶች ደግሞ ስለ ኢድ ትሪ ማሰብ ይጀምራሉ። ለእንግዳው ምን ይቀርባል? ለጎረቤት ምን ይላካል? ለአያቶች ቤትስ ባዶ እጅ እንዴት ይኬዳል?

ከኬክ ቤት ገዝቶ መጨረስ ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ቤተሰቡ ብዙ፣ ጠያቂውም ብዙ ሲሆን ግን ለጣፋጭ የሚወጣው ገንዘብ ለሌላው ይጎድላል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን በቤት ውስጥ፣ በቀላል ዕቃ፣ እየፆምን ልንሠራው የምንችለውን አንድ ጣፋጭ ይዘን ቀርበናል። ከታች ብስኩት፣ መካከሉ ላይ ቴምር፣ ከላይ ክሬም ቺዝ ያለው፣ በአራት ማዕዘን እየተቆረጠ የሚቀርብ ድርብርብ ኬክ ነው። ከአንድ መጋገሪያ 16 ቁራጭ ይወጣዋል።

አይብና ጣፋጭ አዲስ ወዳጆች አይደሉም

አይብ በጣፋጭ ውስጥ መግባቱ ለአንዳንዶቻችን እንግዳ ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር አይብ ከጎመንና ከክትፎ ጋር እንጂ ከስኳር ጋር አይታወቅም። በሌላው የሙስሊሞች ገበታ ላይ ግን የቆየ ልማድ ነው። በፍልስጤሟ የናብሉስ ከተማ ስሟ የገነነው ኩናፋ በነጭ አይብ ተሞልቶ፣ ትኩስ እንዳለ የስኳር ሽሮፕ የሚፈስበት ጣፋጭ ነው። በሻም አገሮች በረመዳን ሌሊቶች የሚበላው ቀጣይፍም በለውዝ ወይም በአይብና በወተት ክሬም ይሞላል።

ክሬም ቺዝ የሚባለው ለስላሳ አይብ ደግሞ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1872 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኒውዮርክ ግዛት፣ ቼስተር በምትባል ከተማ፣ ዊልያም ሎውረንስ የተባለ የወተት ነጋዴ እንደጀመረው ይነገራል። ከእኛ አይብ የሚለየው በቅባቱ ነው። የእኛ አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ በእሳት ተለይቶ የሚሠራ በመሆኑ ቅባቱ ጥቂት ነው፤ ፍርፍር የሚለውም ለዚህ ነው። ክሬም ቺዝ ግን በአሜሪካ ደንብ ቢያንስ 33 በመቶ የወተት ቅባት ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ አይብን በስኳር መትተን ያንኑ ልስላሴ መጠበቅ አይቻልም። ልስላሴውን የምናገኘው ከእርጎ ነው።

ክሬም ቺዙን ከእርጎ ማውጣት

የታሸገ ክሬም ቺዝ በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ይገኛል፤ ዋጋው ግን ለብዙ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። አረቦች ለብነህ የሚሉት፣ ውኃው የጠፈፈ እርጎ፣ ቦታውን በሚገባ ይሸፍናል።

ቅባቱ ካልወጣለት ወተት የተሠራ፣ ስኳርም ቅመምም የሌለበት አንድ ሊትር ከሩብ እርጎ ይበቃል። እርጎውን ራሳችን የምናረጋ ከሆነ ወተቱን አስቀድመን እናፍላው። ያልፈላ ወተት ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አይመከርም። የፈላው ወተት ጣት ሲነከርበት የማያቃጥል ለብታ ሲደርስ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደህና እርጎ ጨምረን በፎጣ ጠቅልለን እናሳድረው።

ቀጥሎ ንጹሕ ስስ ጨርቅ በወንፊት ላይ ዘርግተን፣ ወንፊቱን በጎድጓዳ ሳህን ላይ አስቀምጠን፣ እርጎውን ከሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር እንገልብጥበት። ጨርቁን አጥፈን ከሸፈንነው በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ለ12 ሰዓት ያህል እናቆየው። ውኃው ከታች ይጠራቀማል፤ ጨርቁ ላይ የሚቀረው ወፍራምና ነጭ፣ በቢላ የሚቀባ አይብ ይሆናል። እንደ እርጎው ውፍረት ቢለያይም፣ ከዚህ መጠን ግማሽ ኪሎ ገደማ ይገኛል። የጠፈፈውን ውኃ አንድፋው፤ ለዳቦ ሊጥ ማቡኪያ ጥሩ ነው።

ሐላልነቱን በመለያው ላይ ማንበብ

በዚህ ኬክ ውስጥ የሚገቡት ነገሮች በአብዛኛው ጥያቄ የማያስነሱ ናቸው። ሦስቱን ግን ከመግዛታችን በፊት መለያቸውን ማንበብ ይገባናል።

አንደኛው ቫኒላ ነው። ፈሳሹ የቫኒላ ጭማቂ አብዛኛውን ጊዜ በአልኮል የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በአሜሪካ ደንብ የአልኮሉ መጠን ከ35 በመቶ ማነስ የለበትም። የዱቄት ቫኒላ ወይም የቫኒላ ስኳር ከዚህ ስጋት ይገላግለናል። የብርቱካን ልጣጭ ፍቅፋቂ ወይም ጥቂት የተፈጨ ሄል ደግሞ ከቫኒላ የማያንስ መዓዛ ይሰጣል።

ሁለተኛው ጄላቲን ነው። ሳይጋገሩ በፍሪጅ ብቻ በሚረጉ ኬኮች ውስጥ ይገባል። ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ስለሚወጣ፣ ሐላል የሚል ማረጋገጫ ከሌለው ባንገዛው ይሻላል። የእኛ ኬክ በእንቁላልና በእሳት ስለሚረጋ ጄላቲን ጨርሶ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው የታሸገው አይብ ራሱ ነው። አንዳንድ አይቦች ከእንስሳት ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ ይረጋሉ። በቤታችን ከእርጎ ካጠለልነው ግን ምን እንደገባበት እናውቃለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ርዝመቱም ወርዱም 20 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ለሆነ የኬክ መጋገሪያ፦

ለታችኛው ድርብ፦ 200 ግራም ደረቅ የሻይ ብስኩት፣ 90 ግራም የቀለጠ የገበታ ቅቤ። (የተነጠረ የአበሻ ቅቤ የኮሰረትና የኮረሪማ መዓዛው ስለሚያይል ለዚህ አይሆንም።)

ለመካከለኛው ድርብ፦ 200 ግራም ፍሬው የወጣለት ቴምር፣ ግማሽ ስኒ የፈላ ውኃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ።

ለላይኛው ድርብ፦ 450 ግራም የጠፈፈ እርጎ ወይም ክሬም ቺዝ፣ 100 ግራም ስኳር፣ 2 እንቁላል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ የአንድ ብርቱካን ልጣጭ ፍቅፋቂ ወይም ሩብ የሻይ ማንኪያ ሄል።

ለማስጌጫ፦ የተቆላ ሰሊጥ ወይም የተከካ ኦቾሎኒ።

አሠራሩ ከታች ወደ ላይ

አይቡንና እንቁላሉን ከመሥራታችን አንድ ሰዓት ቀደም ብለን ከፍሪጅ እናውጣቸው። ቀዝቃዛ አይብ ሲመታ ጓል ይሠራል፤ ጓሉም በመጋገር አይጠፋም።

ብስኩቱን በሙቀጫ ወይም በንጹሕ ፌስታል አድርገን በመዳመጫ እንደ ሻካራ ዱቄት እስኪሆን እንፍጨው። የቀለጠውን ቅቤ ጨምረን ስናሸው፣ በእጅ ሲጨበጥ ተጣብቆ የሚቆም መሆን አለበት። የመጋገሪያ ወረቀት በዕቃው ላይ አንጥፈን (ጫፉ ወደ ውጭ ይትረፍ)፣ ብስኩቱን በብርጭቆ ቂጥ እየተጫንን እኩል እናስተካክለው። ኦቨኑን በ175 ዲግሪ አሙቀን ይህን ድርብ ብቻ ለ10 ደቂቃ እንጋግረው። ይህን ካለፍነው ብስኩቱ የላዩን እርጥበት ጠጥቶ ይልላል፤ ሲቆረጥም ይፈራርሳል።

ቴምሩን በፈላው ውኃ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፈን፣ ከነውኃውና ከቅቤው ጋር በሹካ ደፍጥጠን እንደ ማርማላታ እስኪሆን እናዋሕደው። ከቀጠነ በስሱ እሳት ላይ ጥቂት ማማሰል ያወፍረዋል። በብስኩቱ ላይ በስሱ እንቀባው።

በመጨረሻ አይቡን ከስኳሩና ከስታርቹ ጋር እስኪለሰልስ እንምታ። ሎሚውንና መዓዛውን እንጨምር። እንቁላሉን አንድ በአንድ እየጨመርን፣ ከዚህ በኋላ ግን እስኪዋሐድ ብቻ ቀስ ብለን እናማስለው። እንቁላሉ ከገባ በኋላ በኃይል ከተመታ አየር ይይዛል፤ ኦቨን ውስጥ ተነፍቶ፣ ሲወጣ ይሰምጥና ይሰነጠቃል። ስታርቹን አንተው፤ ከእርጎ የተሠራው አይብ ከታሸገው ይልቅ ውኃ ስለሚይዝ ስታርቹ ያንን ውኃ ይይዝለታል።

በቴምሩ ላይ ገልብጠን፣ የኦቨኑን ሙቀት ወደ 160 ዲግሪ ዝቅ አድርገን ከ35 እስከ 40 ደቂቃ እንጋግር። መብሰሉን የምናውቀው ዕቃውን ነካ ስናደርገው ነው፦ ዳር ዳሩ ረግቶ መካከሉ ብቻ በትንሹ ከተርገፈገፈ ደርሷል። ሲቀዘቅዝ ያም ይረጋል። መካከሉ እስኪደርቅ ከጠበቅነው አልፎበታል። እሳቱን አጥፍተን፣ በሩን ገርበብ አድርገን፣ ለግማሽ ሰዓት እዚያው እንተወው። ከዚያ ውጭ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ ለ4 ሰዓት ይቆይ።

ስንቆርጥ ቢላውን በፈላ ውኃ እየነከርንና በየቁራጩ እየጠረግን ከሆነ ሦስቱም ድርቦች ጥርት ብለው ይታያሉ። ሰሊጡን የምንነሰንሰው ከተቆረጠ በኋላ ነው።

አንድ መልካም ነገር እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ በቤኪንግ ፓውደር የሚነፉ ኬኮች ከመጠን በላይ ተነፍተው የመውደቅ ጠባይ አላቸው። ይህኛው ግን ምንም ማስነሻ የሌለው በመሆኑ አዲስ አበባም ሆነ ድሬዳዋ፣ ደሴም ሆነ ጅማ በዚያው ልክ ይሠራል።

ኦቨን ለሌለን

ኦቨን የሌለው ቤት ብዙ ነው። ወፍራም ድስት ይበቃል። ከድስቱ ሥር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ጨው ወይም ንጹሕ አሸዋ አንጥፈን፣ በላዩ ትንሽ የብረት ማስቀመጫ እናድርግ። ክዳኑን ዘግተን ለ10 ደቂቃ ካሞቅነው በኋላ መጋገሪያውን እናስገባ። ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለን ጫፎቹን ወደ ላይ እንሰር፤ እሳት እንዳይነካው ብርቱ ጥንቃቄ ይደረግ። ጨርቁ የእንፋሎቱን ጠብታ ስለሚይዝ ኬኩ ላይ አይንጠባጠብም። በዝቅተኛው እሳት ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ላዩ እንደ ኦቨኑ ባይጠይምም አረጋጉና ጣዕሙ ያው ነው።

እየፆሙ መጋገር

ምግብ የምትሠራ ፆመኛ ልትቀምስ ትችላለች ወይ የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይነሳል። ብዙ ዑለማዎች ግድ ሲሆን በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት፣ ወደ ጉሮሮ እስካልወረደ ድረስ፣ ፆም እንደማያፈርስ፣ ያለ ምክንያት መቅመስ ግን እንደሚጠላ ያስተምራሉ። ዝርዝሩን የሰፈራችንን ኡስታዝ መጠየቅ ይበጃል። የኬክ ደግነቱ መቅመስን አለመጠየቁ ነው። ጨውና በርበሬ እንደሚስተካከልበት ወጥ ሳይሆን በልክ የሚሠራ ነው፤ ሚዛኑን ከጠበቅን ጣዕሙ አይዛነፍም።

ሰዓቱንም እንምረጥ። በአዲስ አበባ በዚህ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12፡40 ገደማ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ኩሽናው በሾርባና በሳምቡሳ ይያዛል፤ ጉልበትም ያልቃል፤ መብራቱም የሚጨናነቀው ያኔ ነው። ስለዚህ እርጎውን ከኢፍጣር በኋላ አጥልለን እናሳድረው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከፍሪጅ አውጥተን በ3 ሰዓት ብንጋግር፣ ከቀትር በኋላ ፍሪጅ ገብቶ ከተራዊህ መልስ ይቆረጣል።

ሥራውንም እንካፈል። ብስኩት መፍጨትና ቴምር መደፍጠጥ የ7 እና የ8 ዓመት ልጆች ደስ ብሏቸው የሚሠሩት ነው። አባቶችና ወንዶች ልጆችም እንዲሁ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ሳሉ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር ከእናታችን አዒሻ (ረ.ዐ) ተዘግቧል። የመጨረሻዎቹ 10 ሌሊቶች ለይለተል ቀድር የሚፈለግባቸው ናቸው። እናቶችና እህቶች እነዚያን ሌሊቶች በድካም ተኝተው እንዳያሳልፏቸው ከፈለግን የኩሽናው ሸክም በአንድ ትከሻ ላይ መውደቅ የለበትም። ጣፋጭ ቢቀር ይቀራል፤ ኢባዳ ግን በጣፋጭ ምክንያት መቅረት የለበትም።

ለጎረቤት የሚላከው ትሪ

ባለፉት ዓመታት ረመዳንና የክርስቲያን ወገኖቻችን ዐቢይ ፆም ሲገናኙ ቆይተዋል። በ2016 ዓ.ም. እንዲያውም ሁለቱም የገቡት በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ነበር። ፆሞቹ እንዲህ ሲደራረቡ የኢድ ቀን በሁዳዴ ውስጥ ይውላል። ግድግዳ የምንጋራቸው፣ ልጆቻችንን እንደ ልጆቻቸው የሚያዩ ጎረቤቶቻችን ያኔ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበሉም። ይህን ኬክ ብንልክላቸው ወይ ይመልሱታል፣ ወይ ሳይበሉት ያስቀምጡታል።

ስለዚህ ለእነሱ የፆም ትሪ እንሥራ። 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 50 ግራም ስኳርና ቆንጥር ጨው ቀላቅለን፣ 100 ሚሊ ሊትር ዘይትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ጨምረን ፍርፍር እስኪል እንሸው። ግማሹን በመጋገሪያው ላይ እንጫነው፤ ያለ ቅቤ የተዘጋጀውን ቴምር እንቀባበት፤ ቀሪውን ከሰሊጥ ጋር እንበትንበት። በ180 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይጋገራል። ብስኩት ውስጥ ወተትና ቅቤ ሊኖር ስለሚችል እዚህ አንጠቀምበትም፤ መጋገሪያውንም ቅቤ እንዳይነካው አስቀድመን በደንብ እንጠበው። ቀኑን እስከ 9 ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚፆሙ ስላሉ ትሪውን ወደ ማታ ብናደርሰው መልካም ነው። “እማማ፣ ይሄ የፆም ነው፤ ለእናንተ ብለን ለብቻ የሠራነው ነው” ብሎ ልጅ ሲያቀርበው፣ ከጣፋጩ ይልቅ መታሰባቸው ያስደስታቸዋል።

ልኩንና ቀኑን መጠበቅ

ይህ ኬክ ቴምርና ውኃን የሚተካ የኢፍጣር መክፈቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ሆድ ላይ ቅቤና ስኳር መጫን ይከብዳል፤ ከተራዊህ በኋላ አንድ ቁራጭ ከሻይ ወይም ከቡና ጋር ይበቃል። ከተጨመረው ስኳር ለአንዱ ቁራጭ የሚደርሰው 6 ግራም ገደማ ቢሆንም፣ ቴምሩና ብስኩቱም የየራሳቸው ጣፋጭነት አላቸው። የስኳር ሕመም ያለባቸው የቤተሰብ አባላት መጠኑን ሐኪማቸው በነገራቸው ልክ ይያዙ፤ እኛም “ለበረካ ነው፣ ብሉ” እያልን አናስጨንቃቸው።

ለኢድ የምንጋግረው ከሆነ በረመዳን 28ኛው ቀን ቢሆን ይመረጣል። በፍሪጅ ውስጥ ተከድኖ እስከ 4 ቀን ስለሚቆይ፣ ጨረቃ በ29 ብትታይም ወሩ 30 ብትሞላም ኬኩ ይደርሳል። በፍሪዘር ከሆነ አንድ ወር ይቆያል፤ ማታ ወደ ፍሪጅ ከተዛወረ ጠዋት ለመቅረብ ዝግጁ ነው። ከቤት ሙቀት ላይ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥ፤ በቆላ ከተሞች ከዚያም ያጥር።

ከኬኩ በፊት የሚቀድም አንድ ግዴታ ደግሞ አለ፤ ዘካተል ፊጥር። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል፣ ለሕፃኑም ጭምር፣ ከሚበላው እህል አንድ ቁና፣ በኪሎ ከ2 ተኩል እስከ 3 ገደማ፣ ከኢድ ሶላት በፊት ለሚገባቸው ይደርሳል። ዓላማው በዚያች ቀን ማንም ሳይበላ እንዳይውል ነው። ኬኩ ከዚያ በኋላ የሚመጣ የደስታ ተጨማሪ ነው። ከ16ቱ ቁራጭ አራቱን ለይተን፣ መጋገር ላልቻለ አንድ ቤት ከእህሉ ጋር ብንልከው ደግሞ የዚያ ቤት ልጆችም እንደ ልጆቻችን ከኢድ ሶላት ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ጣፋጭ ይኖራል።

አላህ ፆማችንንና ዱዓችንን ይቀበለን፤ ለኢዱም በሰላም ያድርሰን።